በግድ የገባው አምፖል

ቀይዋ መኪና በጋራዡ በር ስትገባ ልጄ አንድ ሚኒባስ ውስጥ፣ ከመሪው ሥር በጀርባዋ ተንጋላ ሽቦ እየፈታች ነበር። መኪናዋን ሳታያት በድምፅዋ ለየቻት። ተስፈንጥራ ወጣችና ፊቷን በቱታዋ እጅጌ ጠረገች። ጠረገች ከተባለ ነው፤ ጉንጯ ላይ የነበረው ግራሶ ወደ ግንባሯ ወጣ እንጂ የትም አልሄደም።

«እማዬ፣ መጣ!» አለችኝ በሹክሹክታ።

እኔ ጥጌን ይዤ የመኪና ወንበር ልብስ እሰፋለሁ። ጋራዡ የወንድሜ ነው። ልጄ ደግሞ የጋራዡ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ናት፤ ቶሎ ስለምትግል ሰው ሁሉ «ፊውዝ» ይላታል። ዓይኗ እንደዚያ ሲበራ ካየሁ ቆይቼ ነበርና ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። አልሆነልኝም። የልጄ ደስታ ሲበዛ እኔ እፈራለሁ። ሰው ከት ብሎ ሲስቅ እንኳ «በደህና ያድርገው» የምል ነኝ።

የመኪናዋ በር ተከፈተ። መጀመሪያ የወጣው ጥቁር የሴት ጫማ ነበር። ቀጥሎ ሽበታቸውን ወደ ኋላ ሰብስበው ያሰሩ፣ ቁመናቸው ቀጥ ያለ ወይዘሮ ወጡ። አፍንጫቸው፣ አገጫቸው፣ አንገታቸውን ዘንበል የሚያደርጉበት ሁኔታ ሳይቀር ቁርጥ እሱን ነው። እናቱ ናቸው።

ልጄ ግራሶ የነካውን እጇን ቀስ ብላ ከጀርባዋ ደበቀች። በእጇ ሠርታ የምትኮራ ልጅ እጇን ስትደብቅ ማየት ምን እንደሚመስል የወለደ ያውቀዋል።

*

የጋራዡ ሰው «ባለ ቀይዋ» እያለ የሚጠራውን ልጅ ያወቅነው በዚችው መኪና ነው። የሟች አባቱ ናት። ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ መሬት ለመሬት የምትሳብ አሮጌ ስፖርት መኪና። መጀመሪያ ያመጣት ቀን «ዝገት» የምንለው ላሜራ ቀጥቃጭ ዞሮ ዞሮ አያትና፣ «ይቺ እኮ መኪና አይደለችም፣ ጫማ ናት። አይገቡባትም፣ ያጠልቋታል» አለ። ባለ ቀይዋ ከማንም በላይ ሳቀ። ልጄ ያኔ ቀና ብላ አየችው።

የቀኝ የፍሬን መብራቷ ነበር አልበራ ያለው። የፍሬን መብራት ደግሞ ለብቻ አይፈተሽም። አንዱ ውስጥ ተቀምጦ ፔዳሉን ይረግጣል፣ አንዱ ከኋላ ቆሞ ያያል። እሱ ገባ፣ ልጄ ከኋላ ቆመች።

«ርገጥ!» ትላለች። «ልቀቅ! እንደገና ርገጥ!»

ይረግጣል። መብራቱ ይበራል። እሱ ግን ያቺን ትንሽ የውስጥ መስታወት በጣቱ ነካ ነካ አድርጎ ዝቅ አደረጋት። እኔ ከማሽኔ በላይ አየሁት። መንገድ ለማየት የሚፈልግ ሰው መስታወቱን እንደዚያ አያዞረውም። ልጄም አየችው። «ልቀቅ» ማለቱን ረስታ ቆማ ቀረች፤ እሱም ሳይለቅ ቆየ።

ከዚያ በኋላ የዚያች መኪና አምፖል በየሳምንቱ «ይቃጠል» ጀመር። ልጄ አውጥታ ወደ ብርሃን ታነሣውና እኔ ዘንድ ይዛው ትመጣለች።

«እማዬ፣ ምኑም አልተቃጠለም። ራሱ አላልቶት ነው የመጣው።» ትስቃለች።

«አምፖል እያላላ የሚዋሽ ሰው ነገ ምን እንደሚያላላ በምን ታውቂያለሽ?»

«ኧረ እማዬ! ይኸ እኮ ውሸት አይደለም፣ ፍቅር ነው።»

«ሁለቱ አብረው አይኖሩም ያለሽ ማነው?»

እንዲህ እያልኩ እኔም ለመድኩት። እማማ እያለ አጠገቤ በርጩማ ላይ ይቀመጣል፤ ክር ሲያልቅብኝ በመርፌዬ ያስገባልኛል። ድልድይ የሚሠራ መሐንዲስ ነው። አባቱ ስማቸው የታወቀ ሐኪም ነበሩ፣ እናቱ አሁንም ክሊኒኩን ያስተዳድራሉ። እኛ የምንኖረው አልጋችንና ምድጃችን በሚተያዩበት አንድ ክፍል ውስጥ ነው። ይህን ሳስብ እንቅልፍ ይነሣኝ ነበር። አንድ ቀን ግን እኔው ፊት እጇን ይዞ፣ «ለሥራ መስክ መውጣቴ ነው። ስመለስ ለእናቴ እነግራታለሁ። ከዚያ ይዣት እናንተ ዘንድ እመጣለሁ» አለ። ልጄ ያን ቀን ስትሠራ ታንጎራጉር ነበር።

ሄደ። «ደርሻለሁ፣ ኔትወርክ ያስቸግራል፣ አታስቢ» የሚል አንድ መልእክት መጣ። ከዚያ ዝም።

እኔ ምን ያላሰብኩት አለ! ጎርፍ ወሰደው አልኩ። እባብ ነደፈው አልኩ። ድልድዩ ላዩ ላይ ወደቀ አልኩ። ከዚያ አቅጣጫ የሚመጣ የጭነት መኪና ሹፌር ባየሁ ቁጥር፣ «በመንገድ የተገለበጠ ነገር አላያችሁም?» እያልኩ እጠይቃለሁ። የሰው ልጅ ነው ሳልል እንደ ልጄ ጸለይኩለት።

«ዋና ይችላል፣ እማዬ» ትለኝ ነበር ልጄ ለጎርፉ። ለእባቡ፣ «ቡትስ አለው» ትላለች። በኋላ በኋላ መልስ መስጠቱን ተወችው። ስልኳን ብቻ በየደቂቃው ታወጣለች፣ ታየዋለች፣ ትመልሰዋለች። የስልኩ ፊት በግራሶ ጠቁሮ ምንም የማይነበብበት ሆኖ ሳለ ታየው ነበር።

*

«ጤና ይስጥልኝ» አሉ ወይዘሮዋ። «የቀኙ የፍሬን መብራት ልክ አይደለም አሉኝ። መንገድ ላይ አንድ ታክሲ ከኋላ ሊወጣብኝ ለጥቂት ነው የተረፍኩት። ሹፌሩ ወርዶ፣ ‹እትዬ፣ እርስዎ ፍሬን ሲይዙ መኪናዋ ለሰው አትናገርም› አለኝ።»

«አሁን አየዋለሁ፣ እትዬ» አለች ልጄ። ድምፅዋ ቀጭን ሆኖ ወጣ።

በካቻቪቴ የመብራቱን ቀይ ሽፋን ፈታች። የዱሮ ፕላስቲክ ነው፣ ከተሰነጠቀ ሌላ አይገኝለትም፤ ሁልጊዜ እንደ እንቁላል ነው የምትይዘው። አምፖሉን ጫን አድርጋ ወደ ግራ አዞረችው። እምቢ አለ። በጨርቅ ጠቅልላ ደግማ ሞከረች። እምቢ አለ። በመጨረሻ እየጮኸ ወጣ።

መዳፏ ላይ አድርጋ አየችው። ረጅም ጊዜ አየችው።

«ይህን አምፖል የቀየረው ማነው?»

«ልጄ ነው» አሉ ወይዘሮዋ። «ባለፈው እሑድ ግቢ ውስጥ ሲታገለው ዋለ። ‹ለምን ሁልጊዜ ወደምትሄድበት ጋራዥ አትወስዳትም?› ብለው፣ ‹ለአንዲት አምፖል ማን ያን ያህል መንገድ ይሄዳል› አለኝ።»

«ባለፈው እሑድ?»

«አዎ።»

«ከመስክ መቼ ተመለሰ?» የሚለው ሳታስበው ከአፏ አመለጠ።

ወይዘሮዋ መነጽራቸውን አወለቁና አዩአት። «ከተመለሰማ ቆየ። እዚያ ሳምንትም አልሞላው።»

ልጄ አምፖሉን ይዛ ወደ እኔ መጣች፤ የምሰፋው ቆዳ ላይ አስቀመጠችው።

ስለዚህ አምፖል እሷው ናት ያስተማረችኝ። ውስጡ ሁለት ሽቦ አለው። ደካማው ለማታ ነው፣ ኃይለኛው ለፍሬን። ወገቡ ላይ ደግሞ ሁለት ትንንሽ ጉጦች አሉት፤ አንዱ ከፍ፣ አንዱ ዝቅ ያለ። ገልብጠህ እንዳታስገባው ነው እንደዚያ የተሠራው። በትክክለኛው ጎኑ ከያዝከው ሳትገፋው ይገባል። ለባለ ቀይዋም ይህንኑ ስታስረዳው ሰምቻለሁ፤ እሱ ግን አምፖሉን ሳይሆን አፏን ነበር የሚያየው።

ቆዳው ላይ የነበረው አምፖል አንዱ ጉጡ ተጨፍልቋል። የፒንሳ ጥርስ ዙሪያውን በልቶታል። ተገልብጦ፣ በግድ ነው የገባው። ለዚህ ነው ወይዘሮዋ ፍሬን ሲይዙ ኃይለኛው ሽቦ ሳይበራ ደካማው ጭል ጭል ይል የነበረው።

«እማዬ፣ እይው» አለችኝ። «እንዲህ የታገለው እኔ ዘንድ ላለመምጣት ነው።»

ጎርፉ፣ እባቡ፣ ድልድዩ ሁሉ ትዝ አለኝ። እኔ ጉልበቴ እስኪላጥ ስጸልይ እሱ ግቢው ውስጥ ቁጭ ብሎ ፒንሳ ይፈልግ ነበር። ከልጄ ይልቅ እኔ አፈርኩ።

*

አዲስ አምፖል አመጣች። ማስገቢያውን በብርጭቆ ወረቀት አሸችው፣ አረንጓዴ ሻጋታው እንደ ዱቄት ረገፈ። ሰው ፊውዝ የሚላት ልጄ አልጮኸችም፣ ዕቃ አልወረወረችም። ሥራዋን ሠራች። ወይዘሮዋ በዚህ መካከል ስልክ ደውለው፣ «ጋራዥ ነኝ። አዎ፣ እዚያው። ናና አብረን እንሂድ» ሲሉ ሰማኋቸው። ልጄ የቀሩትን መብራቶች ሁሉ ፈትሻ እስክትጨርስ አንድ ሰዓት ያህል አለፈ።

«እትዬ፣ እባክዎ ገብተው ፍሬኑን ይርገጡልኝ» አለች ልጄ።

ወይዘሮዋ ገቡና ረገጡ። ሁለቱም መብራቶች ቦግ አሉ። ወዲያው ባለ ቀይዋ እያለከለከ በበሩ ገባ።

«አንተ! አለህ እንዴ?» አለ ዝገት መዶሻውን አስቀምጦ። «እኛ እኮ ሐዘን ልንቀመጥ ምንጣፍ እየፈለግን ነበር!»

ማንም አልሳቀም። ልጁ መጥቶ ከመኪናዋ ኋላ፣ ከልጄ ፊት ቆመ። ቀዩ ብርሃን ከጉልበታቸው በታች በርቶባቸዋል። እኔ እንዳይጠረጥሩኝ ማሽኔን አንቀሳቀስኩ፤ ክር የለውም፣ ዝም ብዬ ባዶ ቆዳ እወጋለሁ።

«ስሚኝ…»

«ቀስ ብለህ። እናትህ ውስጥ ናቸው።»

«ልነግርሽ ነበር።»

«ምኑን? ኔትወርክ መምጣቱን?»

«ልልቀቅ?» አሉ ወይዘሮዋ ከውስጥ።

«ትንሽ ይቆዩልኝ፣ እትዬ። ሽቦው እስኪሞቅ ነው» አለች ልጄ። አምፖል እስኪሞቅ አይጠበቅም። በሥራዋ ስትዋሽ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው። «እናቴ ስትጸልይልህ ነበር፣ ታውቃለህ? እባብ ነድፎት ይሆናል እያለች። እኔ ደግሞ ቡትስ አለው እላት ነበር።»

«ፈራሁ» አለ። ፊቱ ላብ በላብ ሆኗል። «እናቴን አታውቂያትም። አባቴ ከሞተ ወዲህ ያለኋት እኔ ብቻ ነኝ። ልቧንም ያማታል። እንደዚህ ያለ ነገር ድንገት ብነግራት…»

«እንደዚህ ያለ ነገር?»

«እንዲያ ማለቴ አይደለም።»

«እንዲያ ነው ማለትህ። እኔ ነኝ እንደዚህ ያለ ነገር።»

«እወድሻለሁ። እመኚኝ፣ በየቀኑ ልነግራት እነሣለሁ። ምሳ ላይ አፌን እከፍትና ‹ጨው አቀብይኝ› ብዬ እዘጋዋለሁ። ጊዜ ስጪኝ።»

«ጊዜማ ሰጠሁህ። አምፖል ቀየርክበት።»

ልጄ አንድ እርምጃ ቀረበችው። ድምፅዋ ተለወጠ፤ የቁጣው እሳት ወጥቶለት ልመና ሆነ። ልጄ ሰው ስትለምን አላውቅም።

«እሺ፣ እርሳው። ሁሉንም እረሳዋለሁ። አሁን ንገራቸው። ይኸው ናቸው፣ በሩ ክፍት ነው። ‹እማዬ፣ የምወዳት ልጅ ይቺ ናት› በላቸው። አንድ ትንፋሽ አይፈጅም። ቢቆጡ አብሬህ እቆማለሁ። ቢያባርሩኝ ጋራዡ የአጎቴ ነው፣ የት ያባርሩኛል? ብቻ አንተ በላቸው። ከዚያ በኋላ ያለውን እኔ እችለዋለሁ።»

ወደ ፊት አየ። ከመቀመጫው በላይ የእናቱ ሽበት ይታያል። ከዚያ ተንቀሳቀሰ።

ማሽኔን አቆምኩ። እኔ፣ ክፉ ክፉው ብቻ የሚታየኝ ሴትዮ፣ ያን ጊዜ ተስፋ አደረግሁ። እየሄደ ነው! በመኪናዋ ጎን አለፈ፣ የተከፈተውን በር ያዘ፣ ጎንበስ አለ። ልጄ ከንፈሯን ነክሳ ሁለት እጇን ደረቷ ላይ አድርጋለች።

«እማዬ…» አለ።

«ወዬ፣ ልጄ» አሉ ወይዘሮዋ።

«እግርሽን… እግርሽ አልደከመም?»

«አልደከመኝም» አሉ ወይዘሮዋ። ድምፃቸው ለስላሳ ነበር። «እቆያለሁ። የምትለኝ ነገር አለ?»

ቆመ። ዝገት እንኳ መዶሻውን አላነሣም።

«የለም። መብራቱ ተስተካክሏል ልልሽ ነው።»

ልጄ እጇን ከደረቷ አወረደች። ዘወር ብላ አላየችውም። «ይበቃል፣ እትዬ» አለች። «ይልቀቁት።»

ጉልበቷ ላይ የነበረው ብርሃን ጠፋ። ስለ እሷ ሳስብ እስከ ዛሬ የሚታየኝ እዚያ ቆማ ነው፤ የሚጠብቃት ሰው እንደሌላት እንግዳ፣ የምታየው አጥታ።

*

ወይዘሮዋ ልጃቸውን፣ «ግባና ጠብቀኝ» ብለው ወደ እኛ መጡ። ልጄ ጀርባዋን ሰጥታ ካቻቪቴዎቿን ትደረድራለች፤ የተደረደሩትን መልሳ ትደረድራለች።

«ልጅዎ ናት?» አሉኝ።

«አዎ፣ የእኔ ናት።»

«ሰምቻለሁ» አሉ። «በሩ ክፍት ነበር። ሁሉንም ሰምቻለሁ።»

ልጄ ዞረች።

«የመጣሁት አንቺን ለማየት ነው» አሏት። «ወንድ ልጅ ለአንዲት አምፖል በየሳምንቱ ከተማ አቋርጦ ሲሄድ ምን እንደያዘው ለማወቅ ሐኪም መሆን አያስፈልግም። ከዚያ መሄዱን ተወው፤ እህል አልበላ አለ፤ ይህን ጊዜ መኪናዋን ይዤ መጣሁ። ቅድም ፍሬኑን ስረግጥ እግሬ ደንዝዞ ነበር። እስኪነግረኝ አላነሣም ብዬ ነው የቆየሁት።»

«ቢነግርዎ እሺ ይሉ ነበር?» አለች ልጄ።

ወይዘሮዋ አሰቡ። ሊዋሹን ይችሉ ነበር፣ አልዋሹንም።

«እምቢ እል ነበር» አሉ። «እጮህ ነበር። እህል አልቀምስም እል ነበር። የእኔም እናት በአባቱ ጊዜ እንደዚያ አድርጋለች። አባቱ ግን እደጃችን ቆሞ አልሄድም አለ፤ ዝናብ ወረደበት፣ አልሄደም። እናቴ ያሸነፈችው ሰው ቢሆን ኖሮ አላገባውም ነበር። ልጄ ግን እምቢ የምለው ነገር እንኳ አላመጣልኝም።» ቦርሳቸውን ዘጉ። «ልቤንም አያመኝም። ጤነኛ ነኝ።»

ወይዘሮዋ እጃቸውን ዘረጉላት። ልጄ ግራሶ የነካውን እጇን አየችና ወደ ኋላ ሳትል ሰጠቻቸው። ነጩ መዳፋቸው ጠቆረ። ሳይጠርጉት ሄዱ። ይህን ካየሁ በኋላ ልጠላቸው ፈልጌ አቃተኝ። የሚጠላ ሰው ማጣት ደግሞ ራሱን የቻለ ሕመም ነው።

መኪናዋ ከበር ስትወጣ እሱ ከእናቱ ጎን ተቀምጦ ጉልበቱን ያይ ነበር።

ልጄ መጥታ በርጩማው ላይ ሳይሆን ወለሉ ላይ፣ እግሬ ሥር ተቀመጠች። ታለቅሳለች ብዬ ሻርፔን አዘጋጀሁ። አላለቀሰችም። ጣቶቿን አንድ በአንድ በጨርቅ ታሽ ጀመር።

«እማዬ» አለችኝ በመጨረሻ። «አንቺ ሁልጊዜ ክፉውን ታስቢያለሽ። ይህንን አስበሽው ነበር?»

«አላሰብኩትም፣ ልጄ። ሞቶ ይሆናል ነበር የምለው።»

«ቢሞት ይሻለኝ ነበር።»

«ክፉ አይናገርሽ! ቱፍ በይ!» ብዬ አፏን ያዝኩት። በልቤ ግን፣ ፈጣሪ ይቅር ይበለኝ፣ ለሞተ ሰው ማልቀስ እንዴት እንደሚቀል እያሰብኩ ነበር። የሞተን ይቀብሩታል፤ ጎረቤት ይሰበሰባል፤ አይዞሽ ይባላል። ይኸኛው ነገ ጠዋት ይነሣል፣ ፊቱን ይታጠባል፣ ከእናቱ ጋር ቁርሱን ይበላል፣ ወደ ሥራው ይሄዳል።